የሰው በር ቁጥር

ነሐሴ ሲጋመስ ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን አካባቢ አንድ ጥያቄ ከቡና ቤት ቡና ቤት ይዞራል። ጠያቂው ወንበሩን ጠጋ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «በርክ የሚኖር ዘመድ የለህም?» ይላል። ሌላዋ ስልክ ደውላ ሰላምታውን እንደጨረሰች «ያቺ ማክሊን ያለችው ጓደኛሽ ደህና ናት?» ትላለች። የሚፈለገው ዘመዱም ጓደኛዋም አይደሉም። የሚፈለገው የበራቸው ቁጥር፣ የኪራይ ውላቸው ቅጂ፣ በስማቸው የሚመጣው የመብራት ቢልና «አዎ፣ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት» ብለው የሚያኖሩት ፊርማ ነው። ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነው። የሰፈሩ ሃይ ስኩል አልተወደደም፤ የተወደደው ደግሞ የሚቀበለው በወሰኑ ውስጥ የሚያድረውን ልጅ ነው። እናም ወላጅ አድራሻ ይዋሳል፣ ዘመድ ያውሳል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሳሉ።

«ዘዴ» ብለን ሰየምነው። «ለልጅ ሲባል» እንላለን። እውነተኛ ስሙ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ የሚከለክለው። ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ስካይላይን ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ወደ ምዕራብ በወጣሁ በዓመቱ ለአንድ የቅርብ ዘመዴ ልጅ ፈርሜያለሁ። ልጁ ቤቴ አንዲት ሌሊት አላደረም። አራት ዓመት ሙሉ የእሱ የትምህርት ቤት ደብዳቤ በእኔ የፖስታ ሣጥን ይመጣ ነበር፤ በመጣ ቁጥርም ፊርማዬን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ተግሣጹ ከራሴ ይጀምራል፤ ግን እኔ ላይ አያበቃም።

ስካይላይን የቆመበት ቦታ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚገናኙበት ጥግ ነውና ጥቂት መንገድ መሻገር የልጅን ትምህርት ቤት ይለውጣል። ፖስታው ላይ «ፎልስ ቸርች» ይጻፋል፤ ልጁ ግን የፎልስ ቸርች ከተማ ትምህርት ቤት አይገባም። ካውንቲው ፌርፋክስ ስለሆነ በአብዛኛው ግላስጎው ሚድል ስኩል፣ ከዚያ ጀስቲስ ሃይ ስኩል ይመደባል። ሰሚናሪ ሮድን ይዞ ወረድ ሲሉ ሳዘርን ታወርስ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ደግሞ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነው። ያቺ ከተማ ለሁሉም ልጆቿ ያላት የመንግሥት ሃይ ስኩል አንድ ብቻ ሲሆን ከ4,000 በላይ ተማሪዎች ይማሩበታል። ሁለተኛ ሃይ ስኩል ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2019 አንዱን ትምህርት ቤት በበርካታ ግቢዎች በማስፋፋት ውሳኔ አለቀ፤ አዲሱ የሚኒ ሃዋርድ ሕንፃም በ2024 ተከፈተ።

መቀመጫ መጥበቡ እውነት ነው፤ ይህን የምክድ አይምሰላችሁ። በዚህ ሰፈር ልጅ ከመብዛቱና መሬት ከመጥፋቱ የተነሣ ካውንቲው በ2014 ሊስበርግ ፓይክ ላይ የነበረን ባለ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ለቤይሊስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አደረገው። አሌክሳንድሪያም በ2018 ኖርዝ ቦርጋርድ መንገድ ላይ እንደዚሁ የቢሮ ሕንፃ ወስዳ ፈርዲናንድ ቲ. ዴይ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፈተች። በየግቢው ትሬለር ውስጥ የሚማሩ ልጆች ሁላችንም አይተናል። ወላጅ ይህን አይቶ ቢጨነቅ አልወቅሰውም። ከጭንቀቱ ቀጥሎ የሚያደርገው ነው የሚያስወቅሰው።

የስሙን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ፈርዲናንድ ዴይ አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር ሰው ነበር። እሱ ልጅ በነበረበት ዘመን ከተማዋ ለጥቁር ልጆች የምትሰጠው ሃይ ስኩል አልነበራትምና ሁለተኛ ደረጃን ለመማር ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ይመላለስ ነበር። ሲያድግ ተመልሶ ያችኑ ከተማ በትምህርት ቦርዷ አገለገለ፤ በቨርጂኒያ አንድን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦርድ በሊቀመንበርነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም ሆነ። በር የተዘጋበት ልጅ በሩን ከፋች ሆኖ ተመለሰ። እኛ ግን የተከፈተልንን በር ትተን በሰው በር ቁጥር እንገባለን።

አሁን ወደ ሕጉ። በቨርጂኒያ ልጅ የት እንደሚኖር እያወቀ የሐሰት ቃል ሰጥቶ ያስመዘገበ ሰው አራተኛ ደረጃ የሚባለውን ቀላል ወንጀል ይፈጽማል፤ ቅጣቱ እስከ 250 ዶላር ሲሆን ልጁ የተማረበትንም ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ በዲሲ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሜሪላንድ እየኖሩ በዲሲ አድራሻ ልጅ ያስተማሩ ወላጆችን ከስሶ የክፍያውን ሦስት እጥፍ ጠይቋል። ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ኬሊ ዊሊያምስ ቦላር የምትባል እናት በአባቷ አድራሻ ልጆቿን በማስመዝገቧ በ2011 ዘጠኝ ቀን ታስራለች። የእሷ መታሰር ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ማንም እናት ልጅ አስተማረች ተብላ እስር ቤት ትግባ የምል ሰው አይደለሁም። ግን «250 ዶላር ምን አላት» እያለ ጠረጴዛ የሚመታውን ወገኔን የምጠይቀው ነገር አለ። ሌላውን ዕዳ አስልተኸዋል?

ዕዳው ልጁ ላይ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ከመመዝገቡ በፊት በነበረው ምሽት የማያውቀውን ቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በቃሉ እንዲያጠና ይደረጋል። «ከጠየቁህ አጎቴ ጋ ነው የምኖረው በል» ይባላል። ካውንቲው የሚልከው ቢጫ አውቶቡስ ስካይላይን አይመጣለትምና አባቱ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ፣ ዐይኑ እንቅልፍ ተሞልቶ ግማሽ ሰዓት ነድቶ ያደርሰዋል። ከሰዓት በኋላ ኳስ ልምምድ ልቅር ይላል፤ የሚመልሰው የለማ። ጓደኞቹን ቤቱ አይጠራም። አስተማሪው «ሰፈርህ የት ነው?» ሲለው ይደነግጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያው አባት ልጁ ፈተና ኮረጀ ተብሎ ሲጠራ «እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁህም!» ብሎ ይቆጣል። አሳድገኸዋል እንጂ። የመጀመሪያውን ኩረጃ አንተው ነህ ያስጠናኸው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲባል ምን እንደሚከፈል እናውቃለን። ከገጠር ወረዳ ከተማ ወርደን፣ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ በየሳምንቱ ድርቆሽና በርበሬ በአህያ እየተላከልን ተምረናል። እናቶቻችን ስንቅ ሲልኩ ማንም አላፈረባቸውም፤ እኛም ከየት መጣችሁ ስንባል ቀበሌያችንን ቀና ብለን ተናግረናል። ዛሬ በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ስፍር ቁጥር የላቸውም። በዚያው ዓመት በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሹን ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ናቸው። ከዚያ ዓይነት ጥበት ወጥተን፣ ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ መቀመጫ ግዴታ ካደረገበት አገር ደርሰን፣ የተሰጠንን መቀመጫ ንቀን የሌላውን በውሸት መውሰዳችን ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ከወቀሳው የማወጣቸው አሉ። ቤት ኪራይ ከብዶት ወይም ከቤቱ ተባሮ ከዘመድ ጋር በደባልነት የሚኖር ቤተሰብ አታላይ አይደለም። ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ያለው ልጅ ይቆማል፤ የኪራይ ውልም ሆነ የመብራት ቢል ሳይኖረው ወዲያውኑ ይመዘገባል። በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ይህንኑ የሚከታተል ሰው እንዲመደብ ሕጉ ያዛል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም አይፍራ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1982 ፍርድ በልጅ ወረቀት ምክንያት የትምህርት ቤት በር እንዳይዘጋ ወስኗል። እውነቱን ቢናገሩ የሚጠቅማቸው እነዚህ ናቸው፤ በፍርሃት የሚዋሹትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ይህን መብት ቡና ላይ ተቀምጦ የሚነግራቸው ጠፍቶ፣ «አድራሻ ልፈልግልሽ» የሚል ግን ሞልቷል። የተቸገረችን እናት ከመብቷ አውጥቶ ውሸት ውስጥ የሚያስገባት ደላላ የሁሉንም ወቀሳ ሁለት እጥፍ ይውሰድ።

እኔ የምገሥጸው ሁለት መኪና ያለውን፣ ልጁን ሒሳብ አስጠኚ የቀጠረውን፣ አማራጭ ያለውን ነው። አማራጩም ሕጋዊ ነው። በፌርፋክስ ጀስቲስ አይቢ የሚባለውን ከፍ ያለ ትምህርት ስለሚሰጥ ኤፒ የሚባለውን ሌላውን ዓይነት የሚፈልግ ተማሪ ቦታ ወዳለበት ትምህርት ቤት የዝውውር ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁም ዳውንካውንቲ ኮንሶርሺየም በሚባለው አሠራር የስምንተኛ ክፍል ልጆች ብሌርን፣ አይንስታይንን፣ ኬኔዲን፣ ኖርዝዉድንና ዊተንን በምርጫ ቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ማመልከቻ አስገብቶ «አይሆንም» መባል ያማል። ቢሆንም የተከለከለ ሰው ሌባ አይሆንም።

ተማሪ መርጦ የሚቀበለውን ቶማስ ጄፈርሰን ሃይ ስኩልን የምትመኙትም ስሙኝ፤ ምኞቱ የብዙ ቤት ነውና። የትምህርት ቦርዱ በ2020 የመግቢያ ፈተናውን አንሥቶ ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሚድል ስኩል የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 ከመቶ ለሚሆኑት ቦታ እንዲያዝ ወሰነ። ውሳኔው ተከስሶ በ2023 በይግባኝ ፍርድ ቤት ጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 የካቲት ላይ ጉዳዩን አላይም አለ። ይህ ማለት በሰፈሩ ትምህርት ቤት የቆየ ጎበዝ ልጅ የተያዘለት ቦታ አለ ማለት ነው። እኛ ገና ከሚድል ስኩል ጀምረን በተውሶ አድራሻ ልጃችንን ወስደን ከጎበዞች ሁሉ ጋር እንዲጋፋ አደረግነው፤ እዚህ የተያዘለትን ቦታ ግን ጥለንበት ሄድን።

አሁን የሚመረውን ልናገር። ከጀስቲስ የምንሸሸው ስለ መቀመጫ ብቻ አይደለም። «ስፓኒሾች ብቻ ናቸው ያሉት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ልጄ ከጥቁሮች ጋር እንዳይገጥም» ሲባልም ሰምቻለሁ። ይህን የሚለው እኔን የመሰለ ጥቁር ሰው ነው! ያቺ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች እናት እኮ እህትሽ የምትጠርገውን ቢሮ ነው የምትጠርገው፤ አንቺ በምትከፍይው ኪራይ በአንድ ኮሪደር ትኖራለች። ልጇ ልጅሽን ምን አደረገ? ቤት ሻጮች ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፈው ከዐሥር ስንት የሚል ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የወላጅን ገቢና ልጁ እንግሊዝኛ የጀመረበትን ዘመን ነው። በዚያ ሚዛን እኛም ስንመጣ ቀላል ነበርን። በሩቁ «ኢትዮጵያውያን የበዙበት» ተብሎ የሚሸሽ ሕንፃ እንዳለ አታውቁምን? የተናቅንበትን ቃል ሌላው ላይ ስንጥለው ነውር አይሆንብንም።

ጀስቲስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ለባርነት ሥርዓት በተዋጋው ጄኔራል ስቱዋርት ስም ይጠራ ነበር። ቦርዱ በ2017 ስሙን ሲለውጥ ሦስት ሰዎችን አሰበ፤ ዳኛውን ተርጉድ ማርሻልን፣ ኮሎኔል ሉዊስ ሜንዴዝንና ባርባራ ሮዝ ጆንስን። ስለ ባርባራ ጆንስ እያንዳንዱ የስካይላይን ወላጅ ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1951 ደቡብ ቨርጂኒያ፣ ፋርምቪል ከተማ፣ ሞተን የሚባል የጥቁሮች ሃይ ስኩል ነበር። የተሠራው ለ180 ተማሪ ነው፤ የሚማሩበት ከ450 በላይ ሆኑ። የካውንቲው ሹማምንት አዲስ ሕንፃ አንሠራም ብለው በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑ ጎጆዎች ግቢው ውስጥ ተከሉ። ክረምት ሲመጣ ከምድጃው የቀረበው ልጅ ይቃጠላል፣ የራቀው ካፖርቱን አያወልቅም፤ ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈሳል። ባርባራ ያኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ አድራሻ ከምታስጠኑት ልጅ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን ርእሰ መምህሩ ከግቢ እንዲወጣ አደረገች፣ ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበች፣ መድረክ ላይ ወጣችና ትምህርት እንዲያቆሙ ጠየቀቻቸው። ሁሉም ተከተሏት። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን ሲመጡም ጥያቄው ከሕንፃ ወደ እኩልነት ከፍ አለ። ያቀረቡት ክስ ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ተርጉድ ማርሻል የተሟገተበትና በ1954 ዘር የለየ ትምህርትን የሻረው ዝነኛ ፍርድ ሆነ። ካውንቲው ተቆጥቶ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፤ ባርባራ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ለደኅንነቷ ሲባል አላባማ አጎቷ ዘንድ ተልካ ነበር። ዛሬ ቨርጂኒያ በካፒቶል ከነበረው የጄኔራል ሊ ሐውልት ይልቅ የመረጠችው የእሷን ነው።

ልብ በሉ፤ ያቺ ልጅ ለራሷ አንዲት መቀመጫ አልፈለገችም። ለ450ዎቹ ጠየቀች። እኛ ደግሞ እሷን በማሰብ ከተሰየመው ትምህርት ቤት ልጃችንን ብቻ በኋላ በር እናወጣለን፤ የቀሩትን ዞር ብለን አናያቸውም።

የቀሩትን እንዴት እንደምንጎዳቸውም ልንገራችሁ፤ ይህ ብዙ ሰው ያላሰበው ነው። ካውንቲው ለየትኛው ትምህርት ቤት ክፍል ይጨመር፣ የትኛው ይጠገን ብሎ የሚያቅደው በተመዘገበ ልጅ ቁጥር ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ይቆጠራል። አስተማሪ የሚመደበው በዚያ ቁጥር ነው። ከፍ ያለ ሒሳብና ፊዚክስ ክፍል የሚከፈተውም የሚሞላው ተማሪ ሲገኝ ነው። ልጅህ በሐሰት አድራሻ ሌላ ቦታ ሲቆጠር እዚያ ጥበት ታየ፣ እዚህ ጥበቱ ተደበቀ። ዐሥር እንደ አንተ ያሉ ወላጆች ዐሥር የፊዚክስ ተማሪ ይዘው ሲሄዱ ክፍሉ ይታጠፋል፤ አማራጭ የሌላት የጎረቤትህ ልጅም ትምህርቱን ታጣዋለች። ከዚያ አንተው ተመልሰህ «አላልኳችሁም? ደካማ ትምህርት ቤት ነው» ትላለህ።

መቀመጫ የሚገኝበት ትክክለኛ በር ክፍት ነው። በ2024 የፌርፋክስ ትምህርት ቦርድ የወሰን ደንቡን አሻሽሎ ወሰኖቹ በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመሩ ወሰነ፤ ለአርባ ዓመት ገደማ ያልተደረገ የመላው ካውንቲ ክለሳም ጀመረ። ስብሰባ ጠራ፤ መግለጫውን በአማርኛም አወጣ። በምዕራብ ፌርፋክስ ያሉ ወላጆች ለዓመታት ሃይ ስኩል ይሠራልን ብለው በየስብሰባው ቆመዋል፤ በ2025 ካውንቲው ኸርንደን አጠገብ የነበረውን የኪንግ አብዱላህ አካዳሚ ግቢ በ150 ሚሊዮን ዶላር ገዛላቸው። እነሱ አድራሻ አልተዋሱም፤ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ጠየቁ። እኛስ? ለዕድር ስብሰባ ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን። ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ፈቃድ ወስደን ሌላ ስቴት እንበራለን። ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ልጃችን ስለሚማርበት ክፍል በአማርኛ የመጣውን ወረቀት ግን ሳናነበው ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ጣልነው። ስካይላይን ያለበት የሜሰን ዲስትሪክት የቦርድ ተወካይ ማን እንደሆነ ስጠይቅ እስካሁን አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው የመለሰልኝ የለም። ዜግነት ወስደን በ2023 ድምፅ ያልሰጠን ስንት ነን? ቦርዱ በ2027 ኅዳር እንደገና ይመረጣል።

ባለፈው ሐምሌ ያው ዘመዴ ደወለልኝ። ታላቁ ልጅ ተመርቋል፤ አሁን የታናሽየዋ ተራ ነው። ወረቀቱ በኢሜይል መጣ፤ ስሜ ተሞልቶ የቀረው ፊርማው ብቻ ነበር። ሁለት ቀን አሳደርኩትና ደወልኩለት። አልፈርምም አልኩት፤ ለታላቁም መፈረሜ ስሕተት እንደነበር ነገርኩት። የዝውውር ማመልከቻውን አብሬው ልሙላ አልኩት፤ ጀስቲስ ከገባች ሒሳቡን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ላስጠናት፣ የቦርዱ ስብሰባ ሲኖርም አብረን ሄደን እንናገር አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አንተ እኮ ልጆችህን አስተምረህ ጨርሰሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ዘጋው።

ልጅቷ ግን ማታ ራሷ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?» ይላል።